ጥሩ ነው የተባለ ቡና

በእኛ ብሎክ «ዛሬ ቡና የት ነው?» ከተባለ መልሱ የታወቀ ነው፤ አማቴ ጋ ነው። ቤቱ የእኔና የባለቤቴ ነው፤ ጎረቤቶቻችን ግን «እማማ ጋ እንውጣ» ነው የሚሉት። ይህ ነገር መጀመሪያ ላይ ያናድደኝ ነበር። በኋላ ተውኩት፤ እውነቱን ለመናገር እኔ ቡና ማፍላት አልችልም ነበር። ጠዋት ሰንጋ ተራ ካለው መሥሪያ ቤቴ ፊት ለፊት ማኪያቶዬን ጠጥቼ ሥራ የምገባ፣ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ቁጭ ብዬ የተቀዳልኝን የምጠጣ ሰው ነበርኩ። ምላሴ እንጂ እጄ ለጓዳ አልተፈጠረም።

አማቴ ወደ እኛ የመጡት ጌጃ ሰፈር የኖሩበት ግቢ ሲፈርስ ነው። የግቢው ሰው ከከተማው ጫፍ ጫፍ ኮንዶሚኒየም ደርሶት ተበተነ። ለእሳቸውም ደርሷቸው ነበር፤ ባለቤቴ ግን «እናቴ ብቻዋን እዚያ ድረስ አትሄድም» ብሎ ልደታ፣ እኛ ቤት አመጣቸው። አልጋቸውን፣ መቁጠሪያቸውንና የማርያም ሥዕላቸውን ይዘው መጡ። ከዚያ ሌላ የነበራቸው ዕቃ ጀበና፣ ብረት ምጣድና ሙቀጫ ነው። ሙቀጫውን አራተኛ ፎቅ ድረስ የተሸከመው ባለቤቴ እስከ ዛሬ «ወገቤን» ይላል።

እኔ እዚህ ብሎክ ውስጥ ዓመታት ኖሬ የማውቀው ሰላምታ የሚሰጡኝን ጥቂት ሰዎች ነበር። እሳቸው መጥተው ብዙም ሳይቆዩ ኮሪደሩን የራሳቸው አደረጉት። በርጩማቸውን አውጥተው ቡና እየለቀሙ ያለፈ ያገደመውን «ግቡ እንጂ!» ይላሉ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ በር ተዘግቶ እንደሚዋል ሊገባቸው አልቻለም፤ ሰዉም እሺ እያለ መግባት ጀመረ።

ሲያፈሉ ወግ አያበዙም፤ በሥራው ግን ቀልድ የለም። ቡናውን አንድ በአንድ ይለቅማሉ፤ የጠቆረውን፣ የተሰበረውን፣ ነቀዝ የበሳውን ያወጣሉ። ውሃው ጥርት እስኪል በመዳፋቸው እያሹ ያጥቡታል። ሲቆሉ እሳት አያበዙም፣ እጃቸውም አያርፍም። ሲወቅጡ ዱቄት እስኪሆን አይወቅጡትም፤ በጣም ከላመ አይሰክንም ይላሉ። ጀበናው ውስጥ ያለው ውሃ ሲፈላ ቡናውን ይጨምራሉ፣ እስከ አንገቱ ሲመጣ ያወርዱታል፣ ትንሽ ቆይተው ይመልሱታል። በመጨረሻ ያስቀምጡትና ይጠብቃሉ። እንግዳ ቸኩሎ ሲኒውን ቢዘረጋ እንኳ ሳይሰክን ንክች አያደርጉትም። እኔ ከዚህ ሁሉ የማውቀው መጠጣቱን ነበር።

ትንሽ ጨውም ጣል ያደርጉበታል፤ የአገራቸው ልማድ ነው። አዲስ ሙሽራ ሳለሁ ጌጃ ሰፈር ልንጠይቃቸው ሄደን፣ የመጀመሪያውን ሲኒ እንደቀመስኩ «እማማ፣ ስኳር መስሎዎት ጨው ጨመሩበት እንዴ?» አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ ለብዙ ጊዜ ያናገሩኝ በልጃቸው በኩል ነው፤ አጠገባቸው ተቀምጬ «ትበላ እንደሆነ ጠይቃት» ይሉታል። ባለቤቴ እጄን ይዞ ለመነኝ። «በፈለግሽው ነገር ተናገሪ፤ ተይ ብልሽም አትተይም። በእናቴ ቡና ላይ ግን አደራ!» አለኝ። ቃል ገባሁለት። መሥሪያ ቤት ከአለቃዬ ጋር ሳይቀር አፍ የምካፈት ሴት፣ በአማቴ ቡና ላይ አንድ ክፉ ቃል ሳይወጣኝ ኖርኩ።

ባለፈው ክረምት ብሎካችን ውስጥ ጉንፋን ዞረ። አማቴን ክፉኛ ጣላቸው። ሰነበቱ፣ ተሻላቸው፣ ወደ ጀበናቸው ተመለሱ። ቡናው ግን እንደ ድሮው አልሆነም። አንዱን እሑድ ጥሬ ጥሬ ይላል፤ ሌላውን እሑድ ከሰል ተወቅጦ የተፈላ ይመስላል።

ማንም ምንም አላለም። እንዴት ይባላል? አንዲት እናት ደክመው አፍልተው፣ በሁለት እጃቸው ሲኒ አቀብለው፣ «አሯል» ይባላል? «እጅዎ ይባረክ» ነው የሚባለው፤ ተባለ። «የእርስዎን ቡና የመሰለ የት ይገኛል!» ተባለ። የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን ስኳር ላይ ስኳር ስትጨምር በዓይኔ አይቻታለሁ። ሌላዋ «እስቲ ነፋስ ልቀበል» ብላ ሲኒዋን ይዛ በረንዳ ትወጣና ባዶውን ይዛ ትመለሳለች፤ የበረንዳዬ አበባ በዚያ ሰሞን ለምን እንደጠወለገ ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም። ባለቤቴ ደግሞ እስከ በረካ ጠጥቶ «ጥሩ ነው እማዬ» ይላል። ሁላችንም በየልባችን «አርጅተዋል፣ ምን ይደረግ» ብለን ዘጋነው። እኔም ቃሌን አክብሬ ዋጥኩት።

በዚያው ሰሞን አማቴ አዲስ ልማድ አመጡ። ድሮ ሲቆሉ ዓይናቸው ከምጣዱ አይነሣም ነበር። አሁን ግን እንድናሸት ምጣዱን ሲያዞሩልን የእያንዳንዳችንን ፊት ይመለከታሉ። ቀድተው ሲሰጡንም የመጀመሪያውን ፉት እስክንል ቀና ብለው ይጠብቃሉ። እኔ የሚታዘቡኝ እየመሰለኝ ፊቴን አሳምሬ ነበር የምጠጣው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከገበያ ስመለስ፣ ገና ደረጃውን ስጀምር የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ። ማነው እንዲህ የዘነጋው እያልኩ፣ በልቤ እየተሳደብኩም ወጣሁ። በወጣሁ ቁጥር ባሰበት። በሩን ስከፍት ጭሱ ከእኛው ወጥ ቤት ነው። ስቶቩ በርቷል፤ የፕላስቲክ ማጥለያው ተንሸራቶ ጠርዙ ስቶቩ ላይ አርፎ ይቀልጣል። አማቴ ስቶቩን ጀርባቸውን ሰጥተውት፣ እዚያው በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው፣ በለሆሳስ እያዜሙ ቡና ይለቅማሉ።

«እማማ!» ብዬ ጮህኩ። ሰፌዱ ከእጃቸው ወደቀ። ስቶቩን አጠፋሁ፣ መስኮቱን ከፈትኩ፣ ማጥለያውን በጨርቅ ይዤ ቧንቧው ሥር ወረወርኩት።

«አላየሁትም» አሉ።

«ማየት ምን ያደርጋል? ከምድር ቤት ጀምሮ ይሸታል እኮ!»

ጎንበስ ብለው የተበተነውን ቡና ከወለሉ መልቀም ጀመሩ። እኔም ተንበርክኬ አብሬያቸው ስለቅም ነገሩ መጣልኝ። ከዘንቢሌ የገዛሁትን በሶብላ መዘዝኩና ወደ አፍንጫቸው አስጠጋሁት። ትኩስ በሶብላ ነው፤ ታክሲው ውስጥ ሰው ሁሉ ዘወር እያለ ያየኝ ነበር።

«ይህስ ይሸትዎታል?»

እጄን ገፋ አደረጉት። «አትፈትኚኝ» አሉ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከጉንፋኑ። ዛሬ ይመለሳል፣ ነገ ይመለሳል እያልኩ ስጠብቅ ቀረ። ምግቡም ጭድ ጭድ ነው የሚለኝ። ጨውና ስኳር፣ ሲመር ደግሞ ትንሽ መራራውን እለያለሁ፤ ሌላው ሁሉ አንድ ነው። ለልጄ እንዳትነግሪብኝ።»

«ለምን አልነግረውም? ሐኪም ቤት ይወስድዎታል።»

«ሐኪም ቤትማ ይወስደኛል። መልሶ ያመጣኝና ምድጃውን ይነጥቀኛል። ‹ዕረፊ አንቺ› ይለኛል። ጌጃ ሰፈር ሳለሁ ዕድር ነበረኝ፣ ዕቁብ ነበረኝ፣ ሲጣሉ የማስታርቃቸው ሰዎች ነበሩኝ። እዚህ ማን ነኝ? ቡና የምታፈላዋ አሮጊት ነኝ። እሷንም ከወሰዳችሁብኝ ልጄ ቤት የተቀመጥኩ እንግዳ እሆናለሁ።»

እንዲህ ብለው ሲናገሩ ድምፃቸው አልተለወጠም። የሚሉት እውነት እንደሆነ አውቃለሁ።

«ታዲያ ሳይሸትዎት እንዴት ነው የሚቆሉት?» አልኳቸው።

«ፊታችሁን አያለኋ» አሉ፤ ቀላል ነገር እንደሚያስረዱ ሁሉ። «ጥሩ ቡና የሸተተው ሰው ፊቱ ይፈታል። የእናንተም ይፈታል። አፋችሁም ‹ጥሩ ነው› ይላል። እንግዲህ እጄ አልጠፋም ማለት ነው። አይደለም?»

ሌላ ሰው ቢሆን «ነው እንጂ እማማ!» ይል ነበር። እኔም ለባለቤቴ በገባሁት ቃል እንዲያ ማለት ነበረብኝ። ግን የቀለጠው ፕላስቲክ እኔን ትን እስኪለኝ ይሸታል፣ እሳቸው ግን አጠገቡ ተቀምጠው አልታወቃቸውም። ሁላችንም እጅዎ ይባረክ እያልን ያደረግናቸው ነገር ያኔ ነው የገባኝ። በማያሸት አፍንጫቸው ፈንታ ፊታችንን አምነው ነበር፤ ፊታችን ደግሞ ዋሽቷቸዋል።

«አይደለም» አልኩ። «ከጉንፋኑ ወዲህ አንዴ ያራል፣ አንዴ ጥሬ ይሆናል።»

«ሰዎቹ ያውቃሉ?»

«ያውቃሉ።»

«ልጄም?»

«እሱም።»

«አንቺስ?»

«እኔም።»

ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ። ሊያለቅሱ ነው ብዬ ደነገጥኩ፤ ለካ ተናደው ነው። «በዚህ ቤት ምላስ ያለሽ አንቺ ብቻ ነበርሽ!» አሉኝ። «ጨው አለበት ብለሽ ፊት ለፊት የነገርሽኝ አንቺ፣ አንቺም ዋጥሽው?»

ከዚያ ቀን ወዲህ ቡና ማፍላት ተዉ። ጀበናውን አጥበው፣ አድርቀው፣ ከቁም ሣጥኑ ላይ ሰቀሉት። ጎረቤት ሲመጣ «ዛሬስ ራሴን ይዞኛል» ይላሉ። እንደዚያ እየተባለ ጎረቤቱም መምጣት ቀነሰ። ባለቤቴ ድካም መስሎት የተፈጨ ቡናና በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማፍያ ገዝቶ ገባ። «በቃ እማዬ፣ ከእንግዲህ ቁልፉን መጫን ብቻ ነው፤ ዕረፊ አሁን» አላቸው። «ተባረክ ልጄ» አሉት፤ ማፍያውን ግን በእጃቸው አልነኩትም።

እሑድ ከሰዓት ቴሌቪዥኑ ፊት ይቀመጣሉ። ሰው ሲገባ ይነሡለታል፣ ሲወጣ ይሸኙታል፣ «እንኳን መጣችሁ» ይላሉ። ራሳቸው እንዳሉት እንግዳ ሆኑ። እኔና እሳቸው ያን ያህል የምንፋቀር አማትና ምራት አልነበርንም፤ እንዲያው ተቻችለን ነበር የምንኖረው። እዚያ ሶፋ ላይ እጃቸውን አጣጥፈው ሳያቸው ግን አንጀቴን በሉት።

አንድ ቀን ባለቤቴ እስኪወጣ ጠብቄ ወንበር ላይ ቆምኩና ጀበናውን አወረድኩት።

«እማማ፣ ቡና ማፍላት ያስተምሩኝ» አልኳቸው።

«ማሽን አለሽ አይደል?»

«ማሽኑን አልፈልግም። እርስዎ እጅ አለዎት፣ እኔ አፍንጫ አለኝ።»

ቀና ብለው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «አንቺ ከማኪያቶ ሌላ ምን ይሸትሻል?» አሉኝ። እንዲያ ብለው ግን ተነሡ።

መጀመሪያ ቦታ ቀየርን። የእኛ ወጥ ቤት መስኮቱ ሌላ ብሎክ ፊት ነው፣ ጨለማ ነው፤ ቀኑን ሙሉ አምፖል ይበራል። ጌጃ ሰፈር ግቢ ውስጥ፣ በፀሐይ ነበር የሚቆሉት። እዚህ በአምፖሉ ብርሃን ቀዩም ጥቁር ይመስላል፤ አፍንጫቸው በነበረበት ጊዜ ግድ አልነበራቸውም። ስለዚህ ትንሿን ስቶቭ በማራዘሚያ ገመድ በረንዳው በር አጠገብ አወጣናት። ከላይ ያሉት ሰዎች ልብሳችን ጭስ ጭስ አለ ብለው ጮኹብን፤ እኔም ጮህኩባቸው፤ ከዚያ እሳቸው አንድ ሲኒ ላኩላቸውና ነገሩ በረደ።

አስቸጋሪው የእኔ አፍንጫ ነበር።

«አሁን ምን ይሸታል?» ይሉኛል፣ እያማሰሉ።

«ቡና።»

«ቡናማ ቡና ነው! ድንጋይ አልቆላሁ! ምን ምን ይላል ነው የምልሽ።»

አልነበረኝም ቃል። ይህን ሁሉ ዘመን ስጠጣ ኖሬ ሽታውን ንገሪኝ ስባል አፌ ተያያዘ። ቀስ በቀስ ግን ለየሁት። ገና ሲሞቅ ዝናብ የመታው ሣር ይመስላል። ቆይቶ የገብስ ቆሎ ይሸታል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይታለላል አሉኝ፣ የደረሰ ይመስላል ግን ጥሬ ነው። ቆሎው ሲያልፍ፣ ቡናው መንጣጣት ሲጀምር፣ ቅባቱ ፊቱ ላይ ወዛ ሲል፣ ያኔ ነው ልብ የሚባለው። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ በጣም አጭር ነው፤ ዞር ብለው ሲመለሱ አሮ ይቆያል። «ቆሎው ሲያልፍ ንገሪኝ፤ ሌላው የእኔ ሥራ ነው» አሉኝ። እኔ ስነግራቸው እሳቸው ጆሯቸውን ወደ ምጣዱ አዘንብለው መንጣጣቱን ያዳምጣሉ። ድሮም ይሰሙት ነበር፤ ልብ ሳይሉት እንጂ።

ብዙ ደፋን። አንዳንዴ በእኔ ጥፋት፣ አንዳንዴ በእሳቸው። መጣላትም ነበር፤ እኔ «ነገርኩዎት እኮ!» እላለሁ፣ እሳቸው «ምራቅሽን ዋጥ አድርገሽ እስክትነግሪኝ ያልፋል!» ይላሉ። ሲሳካ ግን ሲኒዬን ይዤ ዝም እላለሁ፤ እሳቸውም ፊቴን አይተው ይስቃሉ።

ጎረቤት ከመጥራታችን በፊት ቃል አስገቡኝ። «ሰው ኖረም አልኖረም፣ ካረረ አሯል ትያለሽ። ፊትሽን እንዳታሳምሪብኝ» አሉ።

«እንግዳ ፊት? ያሳፍርዎታል እኮ።»

«ሳላውቀው ከማፈር አውቄው ልፈር። ሌላው ሁሉ ጥሩ ነው ይለኛል፤ ከአንቺ የምፈልገው እሱን አይደለም።»

ቃል ገባሁ። ለባለቤቴ የገባሁት ቃል በዚህ ፈረሰ፤ ለእሱ ግን አልነገርኩትም፣ ምስጢሩ የእኔ አልነበረምና። ማፍያውን የት እንዳስገባነው ሲጠይቅ «እናትህ ማስተማር ጀመሩኝ» አልኩት። ደስ አለው።

በግንቦት ልደታ የጌጃ ሰፈር የድሮ ጎረቤቶቻቸው መጡ። ሁለት ሴቶች ናቸው፤ ሁለቱም በዕድሜ እኩዮቻቸው፣ አንድ ግቢ ውስጥ ልጅ ያሳደጉ። አሁን ከተማው ጫፍ ነው የሚኖሩት፤ ልደታ ቤተ ክርስቲያን ለበዓሉ መጥተው «አንቺን ሳናይማ አንመለስም» ብለው ደወሉ። አማቴ ካቶሊክ ናቸው፤ የልደታን በዓል ግን እንደ እነሱው ነው የሚያከብሩት። ስልኩን ከዘጉ በኋላ ቁጭ ብለው አላወቁም። ቡናውን ደጋግመው ለቀሙት። «እነዚህ የሚያውቁት የድሮውን ቡናዬን ነው» አሉኝ። ባለቤቴ «ዛሬ እሷ ታፍላ፣ አንቺ ተጫወቺ» ሲላቸው «ኧረ በገዛ እንግዶቼ!» ብለው ጮኹበት።

እንግዶቹ ሲመጡ ቤቱ ሞላ። ሁለት ሴቶች ብቻ ናቸው፤ ጨዋታቸው ግን የሃያ ሰው ነው። ማን ሞተ፣ ማን ዳረ፣ የማን ልጅ ዐረብ አገር ሄደ፣ አዲሱ ኮንዶሚኒየም ውሃ የሚመጣው መቼ ነው። እኔ ክትፎውን ላዘጋጅ ወጥ ቤት ገባሁ፤ አማቴ በረንዳው በር አጠገብ መቁላት ጀመሩ። ቶሎ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። ቅቤው አልቀልጥ አለኝ፣ ቆጮው አልቆረጥ አለኝ፣ ዘገየሁ።

ሳህኑን ይዤ ስወጣ ሽታው ተቀበለኝ። ቆሎውን አልፏል፣ ልቡንም አልፏል። በዚያ ሁሉ ሳቅና ጨዋታ መንጣጣቱን እንዴት ይስሙት! ምጣዱ ለእንግዶቹ እየዞረ ነው። ትልቋ እንግዳ ጭሱን በእጇ ወደ ፊቷ እየሳበች «እሰይ! የጌጃ ሰፈር ቡና!» ትላለች። ሌላዋ «ይኸው ናፍቆቴ!» ትላለች። ባለቤቴም ፈገግ ብሎ ራሱን ይነቀንቃል።

አማቴ እነሱን አላዩም። በእነሱ ትከሻ ላይ አሻግረው እኔን ያያሉ።

ባለቤቴም አየኝ። ዓይኑ «አደራ» ይላል። እጄ ላይ ያለው ሳህን ከበደኝ። እነዚህ ሴቶች ነገ የድሮውን ሰፈር ሰው በሙሉ በስልክ እንደሚያዳርሱ አውቃለሁ። ፈራሁ፤ በሕይወቴ አንድ ነገር ለመናገር እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም።

«አሯል፣ እማማ» አልኩ።

ጨዋታው ቆመ። ትልቋ እንግዳ እጇ ጭሱ ላይ እንዳለ ቀረ። «ኧረ ምን አሯል! እንዲህ ነው የምንወደው!» አለች ሌላዋ ፈጥና። ባለቤቴ ስሜን ብቻ ጠራ፤ አጠራሩ ግን ስድብ ነበር።

አማቴ ምጣዱን ይዘው ተነሡ፣ ወጥ ቤት ገቡ፣ ቡናውን በሙሉ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ገለበጡት። «ያን የተረፈውን የታጠበ ቡና አምጪልኝ» አሉኝ። ተመልሰው ተቀመጡና ለእንግዶቻቸው «እስኪ ለትንሽ ጊዜ ዝም በሉልኝ፤ ወሬ አይሸሽም» አሏቸው። ዝም አሉ። አጠገባቸው ቆምኩ። በዚያ ፀጥታ ውስጥ የሚሰማው የምጣዱ ሹክሹክታ ብቻ ነበር። ቆሎው ሲያልፍ ትከሻቸውን ነካ አደረግኳቸው። ጆሯቸውን አዘነበሉ፣ ጥቂት ጠበቁ፣ አነሡት።

ሲቀዳ ትልቋ እንግዳ የውሃውን ወሬ እንደገና ጀምራ ነበር። ፉት አለች፤ ወሬው መሐል ላይ ቀረ። ውሃው መጣ ወይም ቀረ ሳትለን ሲኒዋን ጨረሰች፣ ሳይጠይቋትም መልሳ ዘረጋች። አንድም የምስጋና ቃል አልተናገረችም። አማቴ ሲኒውን ተቀብለው እስከ አፉ ሞሉላት። እኔ እንባዬ መጣና ሳህን ልሰብስብ ብዬ ሸሸሁ።

እንግዶቹን ስሸኝ ትልቋ ደረጃው ላይ ክንዴን ያዘችኝ። «ልጄ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ» አለችኝ፤ «ለእናት በእንግዳ ፊት እንዲህ አይባልም። እኛም ገብቶናል እኮ። ሰው ዝም የሚለው ስለማያውቅ አይደለም።»

«ይቅርታ እማማ» አልኳት። ሌላ ምን ልበላት።

ስመለስ ባለቤቴ ወጥ ቤት ቆሞ ይጠብቀኛል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በዚያ ከጩኸት በሚብሰው ድምፁ፣ «ምን ነካሽ? ምን አድርጋሽ ነው? ዛሬን እንኳ ብትምሪያት ምን ነበረበት?» አለኝ።

«ተዋት» አሉ አማቴ። በሩ ላይ ቆመዋል፣ ረከቦቱን ይዘው። «እኔ ነኝ ንገሪኝ ያልኳት። ከጉንፋኑ ወዲህ አይሸተኝም። ምንም አይሸተኝም።»

ባለቤቴ እናቱን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ድንጋጤው ወደ ቅሬታ ተለወጠ። «ለምንድን ነው ለእኔ ያልነገርሽኝ እማዬ? እኔ ልጅሽ አይደለሁም?»

«አንተማ» አሉት፣ ሳይቆጡ፣ «ጥሩ ነው ትለኝ ነበር።»

ረከቦቱን ተቀብሏቸው ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ጎንበስ ብሎም ሲኒዎቹን ሳያስፈልግ ደረደራቸው። አንገቱን ሳያቀና፣ «የዛሬው ሁለተኛው ግን ጥሩ ነበር። እውነቴን ነው፣ በጣም ጥሩ ነበር» አለ። እውነቱን ነበር፤ እኔ አውቃለሁ።

አማቴ ዞረው እኔን አዩኝ።

«ጥሩ ነበር» አልኳቸው።

«እንግዲያው ጥሩ ነበር» አሉና ሲኒዎቹን ማጠብ ጀመሩ።